ስለ መከርከሚያው ማሽን ቁልፍ የተሰጠ የምስክር ቃል

የምስክሩ ስም፦ አቶ ጫምሳ ጋሮምሳ
ዕድሜ፦ 74
አድራሻ፦ አዳማ፣ ከመልካሳ መንገድ ገባ ብሎ
ሥራ፦ የብርቱካን እርሻ ጥበቃ
የትምህርት ደረጃ፦ ያልተማሩ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ የካቲት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ማንም ሳይጠራኝ በራሴ እግር ጣቢያ መጥቼ ቃሌን ሰጥቻለሁ። የመጣሁት የትራክተር ሹፌሩ ገመቹ ቡዜ የማሽኑን ቁልፍ ሰርቋል ተብሎ ከትናንት ጀምሮ ስለታሰረ ነው። ቁልፉን የወሰድኩት እኔ ነኝ።

በምጠብቀው እርሻ ብርቱካን የሚከረከመው ፍሬው ተለቅሞ እንዳለቀ፣ አበባ ሳይወጣ ነው። ዘንድሮ ለቀማው ዘገየ፤ በኪራይ የሚመጣው መከርከሚያ ማሽንም ተራው ሳይደርሰን ቆየ። ማሽኑ ትራክተር ላይ የተገጠመ፣ እንደ ትሪ የሰፋ ክብ መጋዝ የተደረደረበት ነው፤ የዛፉን ጎንና አናት ሲመትር አበባ ከእንጨት አይለይም። የመጣው ዛፉ ሁሉ ነጭ ከለበሰ በኋላ ነው።

ለእርሻው ሥራ አስኪያጅ ለአቶ ዲበኩሉ፣ "አሁን ከቆረጥከው የከርሞውን ፍሬ መሬት ላይ ነው የምትዘረግፈው" አልኩት። "አባባ፣ እኔም አውቃለሁ። ግን ማሽኑ ነገ ካልሠራ ወደ ሌላ እርሻ ይሄዳል" አለኝ። "ይሂዳ! እንግዳ ቸኮለ ተብሎ ቤት ይፈርሳል?" አልኩት። ሳቀና "እርስዎ በሩን ይጠብቁ" አለኝ። እኔ ግን የተቀጠርኩት እርሻውን ልጠብቅ ነው።

በማግስቱ የካቲት 18 ቀን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ገደማ ገመቹ ትራክተሩን አስነስቶ ወደ መጀመሪያው መስመር ሲገባ መንገዱ ላይ ቆምኩ። ገመቹ በሥርዓት ያደገ ልጅ ነው፤ ሽማግሌን ከወንበር ላይ ሆኖ ሰላም አይልም። ሞተሩን አጥፍቶ፣ ቁልፉን እዚያው ትቶ ወረደና በሁለት እጁ ጨበጠኝ። "አካም ቡልተን፣ አባባ?" ብሎ በኦሮምኛ እንዴት እንዳደርኩ ጠየቀኝ። ስለ እናቱ ጠየቅኩት፣ ስለ ላሞቹ ጠየቅኩት፣ ስለ ዝናቡም ጠየቅኩት። አንገቱን ደፍቶ ሲመልስልኝ በከዘራዬ ቆልማማ ጫፍ ቁልፉን ስቤ አወጣሁና የመስኖው ቦይ ውስጥ ወረወርኩት። ቦዩ ሞልቶ ይፈስ ነበር።

ገመቹ ራሱን ያዘ። "ምነው አባባ፣ ጉድ አደረጉኝ! ምን ብዬ ልናገር?" አለ። "ያየኸውን ተናገር" አልኩት። እኔ ለተረኛው አስረክቤ ቤቴ ገባሁ። እሱ ግን ሽማግሌ አላሳስርም ብሎ "ጠፋብኝ" ማለቱንና መታሰሩን የሰማሁት ዛሬ ጠዋት ነው።

ሌላ ቁልፍ እስኪመጣ የማሽኑ ተራ አልፏል አሉ። ጥሩ። ከሥራ ቢያባርሩኝም ቢከሱኝም ቃሌ ያው ነው። ገመቹ ግን በእኔ ቦታ አይቀመጥም፤ እሱ ያደረገው ቢኖር ከወንበሩ መውረድ ነው። ይፈታልኝ።

የተናገርኩት ሁሉ ተነብቦልኝ ሰምቻለሁ። የቀረ የለም፣ የተጨመረም የለም፤ እውነት ስለሆነ የአውራ ጣቴን አሻራ አኑሬበታለሁ።

ከአሻራው በኋላ የታከለ፦ ከዘራዬ በኤግዚቢትነት እንደሚያዝ መርማሪው ነግሮኛል። ይያዝ። ሌላ እቆርጣለሁ። ከብርቱካኑ ግን አልቆርጥም፤ አብቧል።

የምስክሩ አሻራ፦ ____________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ ረዳት ሳጅን ዛኪር አብዱናሲር
ፊርማ፦ ____________