ቀጭኑ ጩኸት ላይ አልፈርምም ያሉት የእትዬ ብልጭታ ዜና ሕይወት

ወገኖቼ፣ ሐሰት ብናገር ምላሴ ይተሳሰር፤ አሁን ከማነብላችሁ ውስጥ ግን ግማሹን እንደማታምኑኝ ከወዲሁ አውቃለሁ። ቢሆንም ዛሬ የምንሸኛቸው የአክስቴ ልጅ፣ ሁላችሁም እትዬ ብልጭታ የምትሏቸው፣ ሰው «አይሆንም» ሲላቸው ምግብ የሚጥማቸው ሴት ነበሩና አለማመናችሁ አያስቀይማቸውም።

እትዬ ብልጭታ ከራዲዮ ጠጋኝ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው የዛሬ ሰባ አንድ ዓመት ሲወለዱ ያሰሙት ጩኸት፣ ከመንገድ ማዶ የነበረውን የዳቦ ሰልፍ በትኖ አዋላጇንም ሳምንት ሙሉ ጆሮዋን አስይዟት እንደ ነበር እናታቸው እስከ ዕለተ ሞታቸው ይመሰክሩ ነበር። የአባታቸው ሱቅ አንዱ ሲገባ ሌላው ካልወጣ የማትበቃ ጠባብ ክፍል ነበረች፤ እሳቸውም እዚያው ጠረጴዛ ሥር ተቀምጠው፣ ሌላው ልጅ በአሻንጉሊት ሲጫወት በሞተ ራዲዮ ሆድ ዕቃ እየተጫወቱ፣ ፊደል ሳይቆጥሩ ካውያ መጨበጥና ሽቦ የሚያጣብቀውን ስታኞ ማቅለጥ ለመዱ።

ትምህርት ቤት በገቡ በሦስተኛው ዓመት የትምህርት ቤቱን የኤሌክትሪክ ደወል «ይህ ደወል ሳይሆን ጉንፋን የያዘው ፍየል ነው» ብለው ፈትተው አሻሻሉት። በማግስቱ ሲደወል የሒሳብ መምህሩ በመስኮት ዘለው ወጡ፤ የተረፉትም ክፍሉ ምድር ቤት ስለ ነበረ ብቻ ነው። ርእሰ መምህሩ አባታቸውን አስጠርተው በሰው ፊት ከከሰሱ በኋላ፣ ሰው ሲበተን «ለእኔም ቤት እንዲህ ያለ ትሠራልኝ ይሆን?» ብለው በሹክሹክታ ለመኑ። በቴክኒክ ኮሌጅም ከአርባ ወንዶች መካከል ብቸኛዋ ሴት ሆነው ሲቀመጡ፣ አስተማሪው አዝነው «የኔ ልጅ፣ ኤሌክትሪክ ይዞ ይጥልሻል» ቢሏቸው፣ «እሱ ይጠንቀቅ እንጂ እኔስ ለምጄዋለሁ» ብለው መለሱ፤ በአንደኛነትም ተመረቁ።

ባለቤታቸው፣ እነሆ ከፊታችን የተቀመጡት አናጢ፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ ጆሯቸው አይሰማም። እትዬ ብልጭታ ወንበር ሊያሠሩ ሄደው ሦስት ቀን በራቸውን ቢደበድቡ የሚከፍት አጡ። ሌላ ሴት ብትሆን ወንበሩም ይቅርብኝ ብላ ትሄድ ነበር፤ እሳቸው ግን በአራተኛው ቀን በመስኮት ገብተው፣ ከደጁ ላይ የሚጫኑት ቁልፍ፣ ከመሥሪያው ጠረጴዛ በላይ ደግሞ ቁልፉ ሲነካ ብልጭ የሚል መብራት ተከሉላቸው። የመጀመሪያው ብልጭታ ከማየሉ የተነሣ የጎረቤት አውራ ዶሮ በቀትር ነጋ ብሎ ጮኸ ይባላል፤ ቅጽል ስማቸውም ከዚያ ወጣ። አናጢውም በሩን የከፈቱላቸው ያን ዕለት ነው፤ አርባ አራት ዓመት ሙሉም አልዘጉባቸውም።

የአደጋ ማስጠንቀቂያ በሚሠራው ፋብሪካ ሃያ ስድስት ዓመት ሲያገለግሉ፣ እሳት ሲነሣ የሚጮኸውንም ብልጭ የሚለውንም የነደፉት እሳቸው ናቸው። በአንድ አዳራሽ የተሰቀሉ መብራቶች እየተሻሙ ብልጭ ሲሉ ሰው ራሱን ያዞረዋል፣ የሚጥል በሽታ ያለበትንም ይጥላል ብለው፣ ሁሉም በአንድ ቅጽበት እንዲበሩ በአንድ ሽቦ አስተሳሰሯቸው። አለቆቹ «ይህን ማን ልብ ይለዋል?» ሲሏቸው፣ «የወደቀው ሰውዬ» አሉ።

ከዚህ በኋላ ነው ያ ታላቅ ጠብ የመጣው። ለአንድ የአረጋውያን መኖሪያ አንድ መቶ አርባ ጯሂ መሣሪያ ታዘዘና፣ ሥራ አስኪያጁ ብዙ ኤሌክትሪክ የማይበላውን፣ እንደ መርፌ ቀጭን ድምፅ ያለውን መረጡ። እትዬ ብልጭታ ግን እርጅና ከጆሮ አስቀድሞ የሚሰርቀው ቀጭኑን ድምፅ ነው፤ ወፍራም ድምፅ ካልሆነ ሽማግሌዎቹ እሳት መነሣቱን ሳይሰሙ ይቃጠላሉ ብለው፣ የሙከራው ወረቀት ላይ አልፈርምም አሉ።

«የድምፅ መለኪያው ከበቂ በላይ ይጮኻል እያለ! መለኪያው ይዋሻል እንዴ?» ብለው ሥራ አስኪያጁ ቢቆጧቸው፣

«መለኪያው መቼ አረጀና!» አሉ።

ያለ ነዳፊው ፊርማ ዕቃው ከግቢ አይወጣምና፣ ልባቸው እስኪሰበር ብለው ዕቃ ግምጃ ቤት ጣሏቸው። አራት ወር ሙሉ ብሎን እንዲለዩ ተደረጉ። የሥራ ባልደረቦቻቸው «እትዬ፣ ኧረ ፈርመው ይገላገሉ!» እያሉ ቢለምኗቸው፣ «እጄ እኮ ብሎን ይዟል፣ በምኔ ልፈርም?» እያሉ፣ ከተጣለ ዕቃ ለቃቅመው ወፍራሙን ጯሂ እዚያው ሠሩ።

በመጨረሻም ልባቸው ደክሞ ሆስፒታል በተኙ ጊዜ፣ ከራስጌያቸው ጢት ጢት የሚለውን መሣሪያ ሰምተው ሐኪሙን «ይህን የነደፈውን ጥሩልኝ፣ ሳልሞት የምነግረው አለኝ» ብለው አዘዙ። ነዳፊው ሳይገኝ ባለፈው ሐሙስ ከምሳ በኋላ ዐረፉ። ከኋላቸውም ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ፣ አምስት የልጅ ልጆች፣ አንዲት ታናሽ እኅት፣ እንዲሁም በዚያ መኖሪያ ግድግዳ ላይ የተሰቀሉ አንድ መቶ አርባ ወፍራም ጯሂዎችን ትተዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን በጸጥታ ቦታ ያሳርፍልን እንዳልል ጸጥታ አይወዱም፤ በሚወዱት ቦታ ያሳርፍልን፤ የመላእክቱ መለከት ቀጭን ከሆነም ትዕግሥቱን ለመላእክቱ ይስጥልን።

ወፍራሞቹ እንዴት ተሰቀሉ ለምትሉ፣ ሟቿ «በለቅሶ እንዳትለያዩ፣ እሱን መጨረሻ ላይ አንብብ» ብለውኛልና ስሙ። ሥራ አስኪያጁ በአደባባይ ሊያዋርዷቸው አስበው፣ አንድ ቀን ረፋድ ላይ አረጋውያኑ በሚኖሩበት ቤት አዳራሽ ሙከራ ጠሩ። እትዬ ብልጭታ የራሳቸውን ጯሂ በካርቶን ታቅፈው ከኋላ ተቀመጡ። ሥራ አስኪያጁ ክራባታቸውን አስተካክለው የቀጭኑን ቁልፍ ሲጫኑ፣ ወጣቶቹ ሠራተኞች ጆሯቸውን ይዘው ተንበረከኩ፤ የመለኪያው መርፌ ጫፍ ነክቶ ተንቀጠቀጠ፤ ከደጅ የነበረው ውሻ ሰፈር ለቀቀ። አረጋውያኑ ግን ካርታ የሚጫወተው ካርታውን ይጥላል፣ ያንቀላፋውም ያንኮራፋል። በዚህ መካከል ከፊተኛው ወንበር፣ በዚያው ቤት የሚኖሩት የሥራ አስኪያጁ ወላጅ እናት የሚሠሩትን ሹራብ ጭናቸው ላይ አሳርፈው፣ ልጃቸውን ቀና ብለው አዩና፦

«ምነው ልጄ፣ ሰው ሰብስበህ ትገተራለህ? አስጩኸው እንጂ!»