ተቀማጩ ኳስ ተጫዋች

ታክሲው ሁሉ ሰይቼንቶ የሚባለው ትንሽ ፊያት በነበረበት ዘመን ነው። ከቀበና ወደ ስድስት ኪሎ ስንሄድ አንዲት እናት የስለት ጥላ ታቅፈው ከኋላዬ ተቀመጡ፤ የጥላው ዘርፍ ጆሮዬን ይኮረኩረኛል። ከጎናቸው የኳስ ጫማውን አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ጎረምሳ አለ።

«እማማ፣ ጥላው ለማን ነው?» አለ ጎረምሳው።

«ለእንጦጦ ማርያም። ልጄ ፈረንሳይ አገር ኳስ ተጫዋች ሆኖልኛል።»

«እሰይ! በረኛ ነው አጥቂ?»

«ተቀማጭ ነው።»

«ተቀማጭ?»

«ደብዳቤውን አስነብቤ ሰምቻለሁ። ሌሎቹ በዚያ ብርድ ይሮጣሉ፤ የኔው ካፖርት ደርቦ ከአለቃቸው ጎን ይቀመጣል። ገና በሃያ ዓመቱ!»

«እማማ፣ እሱ እኮ... ለመሆኑ ማርያምን ምን ብለው ሊለምኑ ነው?»

«ከመቀመጫው እንዳታስነሳብኝ ነዋ!»

«ኧረ እማማ! እንድታስነሳው ይለምኑ እንጂ!»

«ምቀኛ! ልጄ ምን አደረገህ?»

ሾፌሩ ሳቁን ሊደብቅ ጥሩምባውን ነፋ።

«እማማ፣ የተቀመጠ ሰው እኮ አይጫወትም።»

«ታዲያ ሹም መቼ ይሮጣል? አንተስ ትጫወታለህ?»

«ጃን ሜዳ እጫወታለሁ።»

«ትሮጣለህ?»

«ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ።»

እናትየዋ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት።

«አይዞህ ልጄ፣ ያልፍልሃል። አንተንም ማርያም ታስቀምጥህ።»

ጎረምሳው ጫማውን እያየ፣ «አሜን» አለ።

እኔም በሆዴ፣ «እመቤቴ ሆይ፣ የእኚህን እናት ልመና ዛሬን ብቻ አትስሚ» አልኩ።