ጣራዋ ላይ አፍ ያላት ማኪና

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ የእሳት አደጋ ሠራተኛ መሆን ማለት ከማኪና ጀርባ መንጠልጠል ማለት ነበር። አሁን እናንተ ስድስታችሁም ጋቢና ገብታችሁ፣ ቀበቶ አስራችሁ፣ በሩ ጥርቅም ብሎ ተዘግቶላችሁ ትሄዳላችሁ፤ ሰብለማ ትናንት "መስኮቱን ዝጉልኝ፣ በረደኝ" ስትል ሰምቻለሁ። ሳቂ፣ ሳቂ! እኛ ያኔ አስፋልት የለ፣ ከኋላ ባለችው ብረት ላይ ሰዎቹ ቆመው፣ እጀታዋን ሙጭጭ አድርገው ይዘው፣ ከጎንደር ተነስተን አምባ ጊዮርጊስ ስንደርስ አቧራ ጠጥተው ጠጥተው፣ ሲወርዱ ከወፍጮ ቤት የወጡ ነው የሚመስሉ። እኔ ሹፌር ስለሆንኩ እቀመጣለሁ፤ መቀመጫው ግን ሽቦው ወጥቶ ስለነበር ከቆሙት ብዙም አልሻል።

ታዲያ ውሃው ስንት እንደቀረ በምን እናውቅ ነበር? አሁን ጎኗ ላይ መብራት አለ፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ መንገደኛው ሁሉ ያየዋል። ያኔ ታንከሩን በመፍቻ ኳ ኳ ኳ ነው። ድምፁ ከታፈነ ውሃ አለ፣ ከጮኸ ባዶ ነው። "መኳንንት፣ እስቲ ስማልኝ!" ይለኛል አለቃችን፤ እኔም ጆሮዬን ለጥፌ "ግማሽ አለ ጌታዬ!" እላለሁ፤ ግማሽ ያልኩት ሩብም አይሞላ።

እና ይህን የማወራ ማኪና ላወድስላችሁ ብዬ አይደለም፣ የአያ ደርሰህን ነገር ልነግራችሁ ነው። አያ ደርሰህ ከአምባ ጊዮርጊስ ትንሽ ገባ ብሎ የሚኖሩ ገብስ አራሽ ናቸው። አንድ ዓመት አውድማቸው ላይ ሁለት ክምር ከምረው ሳለ አንደኛው ተያያዘ፣ ተጠራን፣ በአሮጌዋ ማኪና ደረስን። ያን ቀን ሰው አንሶን ስለነበር ቱቦውን የያዝኩ እኔው ነኝ። አለቃዬ "ቀንስ! ቀንስ!" ይለኛል፣ እኔ ደግሞ ጎረምሳ ነኝ፣ እሳት በጉልበት የሚጠፋ መስሎኝ ውሃውን እስከ መጨረሻው ለቀቅሁት። ውሃው ክምሩን መሃሉን ሲመታው ጊዜ የሚነደው ገለባ ብትንትን ብሎ ወደ ላይ ወጣ፣ ወጣና ሁለተኛው ክምር ላይ አረፈ። አለቀ። ሁለቱም ሄዱ፤ የዓመት ቀለብ፣ የዓመት ዘር።

አያ ደርሰህ አልተሳደቡም። ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ቢሳደቡ ይሻለኝ ነበር። ሄጄ "አያ፣ ምን እናድርግ፣ ነፋስ ገፋብን" አልኳቸው። "ነፋስ ነው?" አሉኝ። "እንዴታ፣ ነፋስ ነው" አልኩ። ነፋስ አፍ የለው፣ አይከራከር! እሳቸውም ዝም አሉ፣ እኔም ወደ ማኪናዬ ገባሁ፤ ያን ዓመት በዘመድ እህል እንደከረሙ በኋላ ሰማሁ፣ ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ ባለፍኩ ቁጥር ፊቴን ወደ ሌላ አዞራለሁ።

ስንት ዓመት አለፈ፣ አርጅቼ ጡረታዬ ሲደርስ ይህቺ አዲሲቱ መጣች። በመጀመሪያ ስጠላት! "ይቺ ማኪና ናት ወይስ ባንክ ቤት?" አልኩ፤ ቁልፉ በዝቶ፣ መብራቱ በዝቶ። የዕቃ ሳጥኗ እንኳ እንደ ፒያሳ ሱቅ መዝጊያ ወደ ላይ ይጠቀለላል። ሊያሠለጥነን ከአዲስ አበባ የመጣው ልጅ "አባባ፣ ቀላል ነው፣ ዝም ብለው ይጫኑት፣ ዝም ብለው ይጫኑት" ይለኛል፤ እኔ በልቤ ዝም ብዬ ተጭኜ በአያ ደርሰህ ክምር ላይ ምን እንዳደረግሁ አንተ መች ታውቃለህ እላለሁ። ብቻ አንድ ነገሯን ወደድኩላት። ጣራዋ ላይ አፍ አላት። ጋቢና ቁጭ ብለህ አጠገብህ ያለችውን ዱላ ስትነካካ አፏ ከላይ ይዞራል፤ ውሃውን ከፈለግህ እንደ በትር፣ ከፈለግህ እንደ ጉም አድርጋ ትተፋዋለች፣ ደግሞ እየሄደች ነው የምትረጭ! አሮጌዋ ካልቆመች ጠብታ አትሰጥ።

ታዲያ በኅዳር፣ እኩለ ቀን ላይ ተደወለ። "አምባ ጊዮርጊስ፣ የአያ ደርሰህ ክምር!" መሪዬን ጨብጬ ወጣሁ። እሳቱ የተነሳው አጠገቡ አመድ ተጥሎ፣ አመዱ ፍም ይዞ ኖሮ ነው። ስንደርስ እንደገና ሁለት ክምር፣ አንዱ ይነዳል፣ ጎረቤቱ በቅጠል ይደበድባል፤ አያ ደርሰህ ግን ጭራሽ እሳቱን ትተው፣ በትራቸውን አጋድመው መንገዱ ላይ ቆመዋል፣ እኛን ሊመልሱ!

"ተመለሱ!" አሉ።

"አያ፣ እሳቱ እኮ…"

"እሳቱ አንዱን ይብላ! አንዱን በልቶ ይጠግባል። እናንተ ስትመጡ ነው ሁለቱንም የሚበላ!"

አዲሱ አለቃችን ወጣት ነው፣ "ሽማግሌውን ዞር አድርጓቸው!" ብሎ ጮኸ። "ቆይ" ብዬ እኔ ወረድኩ። ወርጄ ወደሳቸው ስሄድ አውድማው ጠርዝ ላይ ደረስኩ፣ ደረስኩና፣ ምን እንዳደረግሁ ታውቃላችሁ? ያን የሚያህል የእሳት ጫማ አወለቅሁ! አስቤው አይደለም። አባቴ ዳባት ገበሬ ነበር፣ አውድማ በጫማ አይረገጥም፣ በረከት ይሸሻል እያለ ነው ያሳደገኝ፤ እግሬ አውቆ ቆመ። አለቃው ከኋላዬ "መኳንንት! አበድክ እንዴ? ጫማህን አድርግ!" ይላል፤ አያ ደርሰህ ደግሞ እግሬን ያያሉ።

"የማን ልጅ ነህ?" አሉኝ።

"የገበሬ ልጅ ነኝ፣ የዳባት። አያ፣ ማንም አውድማዎን አይረግጥም። ሰውም ቱቦም አይገባም። ከጋቢና ሆኜ ነው የማጠፋው።"

"ከጋቢና ሆነህ? በምን? በምራቅህ?"

"በጣራዋ ነው፣ አያ። እንደ ጉም ነው የምትረጭ፣ ገለባ አትበትንም።"

እሳቱን አዩ፣ እኔን አዩ። "በል" አሉና በትራቸውን አነሱ፤ "አንዲት ብልጭታ ሁለተኛው ላይ ብታርፍ ግን…" አልጨረሱትም።

ባዶ እግሬን ጋቢና ገባሁ። አለቃው "አረፋውን ልቀቅ!" ይላል፤ "ጌታዬ፣ አረፋው ኬሚካል አለበት፣ እህሉን ሰው ይበላዋል እኮ!" አልኩት። መጀመሪያ ያልነደደውን ክምር ከላይ እስከ ታች አጠብኩት፣ እስኪንጠባጠብ። ከዚያ አፏን ወደሚነደው አዙሬ፣ ጉሙን ከግርጌው ጀምሬ ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ። መብራቱ ቢጫ ሆነ። "መኳንንት፣ ጨምር! ውሃው ሊያልቅ ነው!" አለ አለቃው። "አልጨምርም!" አልኩ፤ በሥራ ዘመኔ አለቃ ላይ የጮህኩ ያን ቀን ብቻ ነው። መብራቱ ቀይ ሲሆን እሳቱ ጢስ ብቻ ሆነ። ከነደደው ክምር እኩሌታው ተረፈ፣ ሁለተኛውን አንዲት ብልጭታ አልነካውም። ደስ አለኝ፣ ልጆቼ፣ ልጅ የተወለደልኝ ቀን እንኳ እንደዚያ ደስ አላለኝም ብል ሚስቴ ትቆጣ ይሆናል።

አያ ደርሰህ ማኪናዋን ዞረው ዞረው አዩዋት፣ ጎኗን መታ መታ አደረጉ። "ሸጋ ማኪና!" አሉ። "ምነው ያን ጊዜ ይቺን ባመጣችሁ ኖሮ! እንግዲህ ያን ጊዜስ ጥፋቱ የማኪናችሁ ነው፣ እናንተ ምን ታደርጉ።"

እና ነገሩ ቀላል ነበር። "አዎ አያ፣ የማኪናዋ ነው" ብል ማን ያውቅብኛል? ያን ጊዜ የነበረው አለቃዬ ሞቷል፣ አሮጌዋ ማኪና ተበላልታለች። ግን አፌ እንቢ አለኝ።

"አይ አያ፣ የማኪናዋ አይደለም" አልኩ። "እሷም መቀነሻ ነበራት። አለቃዬ ቀንስ ቀንስ ሲለኝ እንቢ ያልኩ እኔ ነኝ። ነፋስ ነው ያልኩዎትም ውሸቴን ነው።"

አንገቴን ደፋሁ። ከዚያ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው?

"ነፋስ እንዳልነበረማ መቼ አጣሁት!" አሉ፤ "ያን ቀን እኮ ቀድሜ የወቃኋትን ጥቂት እህል ላዘራ መንሼን ይዤ፣ ነፋስ ሳጣ ጊዜ ከጧት ጀምሬ ስጠብቅ ነው የዋልኩ! ቅጠል አልተነቃነቀም! 'ነፋስ ነው' ስትለኝ፣ ይኸ ሰው እስኪያድግ ልጠብቀው ብዬ ዝም አልኩህ።"

ሃ ሃ ሃ! አስቡት እስቲ፣ ያን ሁሉ ዓመት! እሳቸው ይስቃሉ፣ እኔ ላልቅስ ወይስ ልሳቅ ጨነቀኝ፣ በኋላ ሁለታችንም ሳቅን፣ አለቃው ምን እንደሚያስቀን ግራ ገብቶት ቆመ። "ይቅር ብዬሃለሁ፣ ግን ለውቂያው መጥተህ ታግዘኛለህ" አሉኝ፤ ፈቃድ ወስጄ ሄድኩ፣ ወገቤ እስኪቆረጥ አዘራሁላቸው።

"ታዲያ አያ መኳንንት፣ ለእኛ ምን ይላሉ?" ትላለች ሰብለ። ምን እላለሁ? ማኪናዋ ሸጋ ናት፣ ተማሯት፣ ከእሷ የበለጠችም ትመጣለች። ቀንሱ ሲሏችሁ ቀንሱ። ካጠፋችሁም በነፋስ አታሳብቡ፤ ለገበሬማ በጭራሽ!