በፈተና ጠዋት ስለተደፋው ሾርባ

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ ፒዮ ጆምሱን
ዕድሜ፦ 66
ሥራ፦ ለተማሪዎች ክፍል ከነቀለቡ ማከራየት
አድራሻ፦ ሴኡል፣ ከዩኒቨርሲቲው ጀርባ ዳገቱ ላይ
ቃሉ የተሰጠበት፦ ጁላይ 13 ቀን 2024፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት ተኩል

ዛሬ ጠዋት በቤቴ ስለተፈጠረው ግርግር ተጠይቄ የሚከተለውን ቃሌን ሰጥቻለሁ።

ተማሪ ጉ ሀራም ከኮሪያውያን ወላጆቹ ጋር ኢንዶኔዥያ፣ ሱራባያ ከተማ ያደገ ልጅ ነው። ውጭ አገር ላደጉ ልጆቻችን ለብቻ የሚሰጠውን የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ለመፈተን መጥቶ ካለፈው ወር ጀምሮ እኔ ዘንድ ይኖራል። ካመለከተባቸው ስድስት ዩኒቨርሲቲዎች አምስቱ አልተቀበሉትም፤ የቀረችው የዛሬዋ ብቻ ነበረች።

ዛሬ ልደቱም ነው። እኛ አገር በልደት ቀን ከባሕር ውስጥ በሚለቀም ቅጠል የተሠራ ሾርባ ሳይበላ የሚውል የለም። በፈተና ቀን ግን ቅጠሉ ያሙለጨልጫል፣ ፈተና ላይ ይጥላል ተብሎ ማንም አይነካውም። እኔም ለተፈታኝ ልጅ አቅርቤ አላውቅም፤ ምን ቆርጦኝ!

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ገደማ ወጥ ቤት ስገባ ሀራም ይህንኑ ሾርባ ጥዶ አገኘሁት። ደንግጬ "አንተ ልጅ፣ ጤና የለህም እንዴ?" ስለው፣ "እማማ፣ እኔ አልበላውም። እናቴ ዛሬ ትገባለች፤ ለእሷ ነው" አለኝ። ሾርባው እኛ ዘንድ የአራስ ምግብ ነው። ልጁ እናቱ እሱን ወልዳ የበላችውን ሊያበላት ፈልጎ ነው። እሺ ብዬ ጨው እንዲጨምር ብቻ ነገርኩት።

1 ሰዓት ተኩል ሲሆን አባቱ አቶ ጉ ቤክሆ እና እናቱ ወ/ሮ ናም ዮንሂ ከአውሮፕላን ማረፊያ በቀጥታ ደረሱ። አቶ ጉ ሽታው ገና ከበር ተቀበላቸው። "አንቺ ሴትዮ፣ ልጄን ፈተና ላይ ልትጥዪው ነው?" ብለው ጮኹብኝ። ላስረዳ ብል ማን ይስማኝ! ሀራም "አባዬ፣ የሠራሁት እኔ ነኝ" ሲላቸው ጭራሽ ባሰባቸውና ድስቱን አንስተው ወደ ግቢ ወረወሩት። ከአማቴ የወረስኩት የአኩሪ አተር እንስራ ተሰበረ፤ ሾርባውም ተደፋ። ሰው አልተጎዳም። ፖሊስ የጠራው ጎረቤት ነው።

ሀራም ቦርሳውን አስቀምጦ "በቃ፣ አልሄድም" አለ። የፈተናው በር 3 ሰዓት ላይ ይዘጋል። በዚህ ጊዜ ወ/ሮ ናም ድስቱን አነሱ፤ ከሥሩ ትንሽ ተርፎ ነበር። ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው ማንኪያ ጠየቁኝና መብላት ጀመሩ። "የሀራም አባት፣ ያማጥኩት እኔ ነኝ፤ ሾርባውም የእኔ ነው" አሉ። ወደ ልጁም ዞረው "ሂድ የኔ ልጅ። ጨው አብዝተህበታል፣ ግን እጨርሰዋለሁ" አሉት። ልጁ እየሳቀም እያለቀሰም ዳገቱን በሩጫ ወረደ።

አቶ ጉ እንደ ሕፃን አለቀሱ። ሚስታቸው ቅመስ ቢሏቸው ግን "ልጁ ከፈተና ሳይወጣማ አልነካውም!" አሉ። ፖሊሶች የመጡት ያኔ ነው፤ እኔንና አቶ ጉን ወደዚህ ጣቢያ አመጡን።

ስለ እንስራው ክስም ካሳም አልፈልግም። ይህን ቃል ስሰጥ ሀራም ፈተና ላይ ነው፤ 6 ሰዓት ላይ ይወጣል። እናቱ የዩኒቨርሲቲው በር ላይ ቆመው እየጠበቁ ነው። አባቱ እዚሁ እናንተ ኮሪደር ላይ ሾርባ በነካው ካልሲ ተቀምጠዋል። ልጁ ሲወጣ አባቱንም እዚያው በር ላይ እንዲያገኛቸው ቶሎ ልቀቁልኝ።

ቃሌ ተነብቦልኝ ሰምቻለሁ፤ ያየሁትንና የሰማሁትን እንጂ ከራሴ የጨመርኩት የለም።

የምስክር ፊርማ፦ ፒዮ ጆምሱን
ቃሉን የተቀበለው፦ ሳጅን ዎን ጊሁን (ፊርማ)