አንገቱን የደፋ ሙሽራ

እንዴት ከረሙ ጋሼ ይገረም? ይግቡ፣ ይግቡ… ደጅ አይቁሙ፤ መርካቶ ለቆመ ሰው አታዝንም። ቆይ ይቺን በርጩማ ላራግፍልዎ። ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ጀምሮ በእግርዎ? አዬ! ታክሲው መቼ ያላውሳል። እትዬ በለጥሻቸውስ? ጉልበታቸው ተሻላቸው? ተመስገን። እምነትም ደህና ናት? ደህና ናት… እሷንማ በቀደም አይቻታለሁ።

ምን እግር ጣለዎት ብዬ አልጠይቅም፤ ሰምቻለሁ። ለእምነት ሽማግሌ ተልኮብዎታል አሉ። እሰይ! ልጅ ወልዶ ለዚህ መብቃት ነው። ደግሞ እሺ ከማለትዎ በፊት የልጁን የሱቅ ጎረቤት ልጠይቅ ብለው መምጣትዎ… የድሮ ሰው ነዎት። የዛሬ ሰው የሚያጣራው ፌስቡክ ገብቶ ነው። እዚያ አጣርተውት ቢሆን ኖሮ ዛሬውኑ ድንኳን ይተክሉለት ነበር።

ስሙን ግን አንጥራ። ሱቁ ከሱቄ የሚለየው በአንዲት ቆርቆሮ ነው። ይሰማኛል ብዬ አይደለም፤ አይሰማም፣ ሁለቱም ጆሮው ላይ ማዳመጫ አለ። ክፉስ ለምን እናገራለሁ? ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባል የለ? እኔና እሱማ ከመቀራረባችን የተነሣ ከተያየን ቆይተናል።

ጠባዩን ነው? ጨዋ ነው። አንገቱን የደፋ ልጅ! ጠዋት ሱቅ ሲከፍት የደፋውን አንገት ማታ ሲዘጋም አያቀናውም። ሴት ቀና ብሎ አያይም። እንኳን ሴት፣ ደንበኛም አያይ። «ይሄ ስንት ነው?» ሲሉት «ተጽፏል» ይላል። ምንም የተጻፈ ነገር የለም እኮ… ሰዉም እየፈለገ፣ እየፈለገ ሲደክመው ወደሚቀጥለው ሱቅ ያልፋል። ሲጣላ፣ ሲነታረክ ሰምቼው አላውቅም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ አይደል? ይሄ ልጅ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ዝምታ አለው።

ሱስ አለበት ወይ ሊሉኝ ነው፤ የአባት ወግ ነው፣ ይጠይቁ። ጫት በአፉ አይዞርም። ሲጋራ ሽታውን አይችልም። መጠጥማ ለበዓል እንኳ አይቀምስ። የሱ ነገር አይሸት፣ አያንገዳግድ… መብራት እንዳይጠፋበት ብቻ ነው። የጠፋ እንደሆነ ግን ከፊቱ ዞር ማለት ነው፣ ኧረ በስመ አብ!

ንብረት? ሞልቶ! ስልክ ነጋዴ ነው፤ አዲስ ስልክ በገባ ቁጥር መጀመሪያ የሚገዛው ማን ይመስልዎታል? ራሱ ነው፣ ከራሱ ሱቅ። ጠጅ ጣይዋ በራሷ ጠጅ ስትሰክር አይተው አያውቁም? ቤቱም ለፋሲካ ጠርቶኝ ሄጄ ነበር። ቴሌቪዥኑ ከመተለቁ የተነሣ መስኮቱን ዘግቶታል፤ ምን ችግር አለ፣ ውጪውን እዚያው ላይ ያየዋል። የጁስ መፍጫ አለ፣ ላስቲኩ እንኳ አልተላጠም፤ አንዲት ብርቱካን ግን የለችም። የመሮጫ ማሽንም ገዝቷል፣ ሸሚዝ ያሰጣበታል፣ አቤት አደራረቁ! እምነት እዚያ ቤት ምንም አይጎድልባትም። መቀመጫ ብቻ ታግኝ።

ለጤናው ደግሞ እንዴት አሳቢ መሰለዎት! እርምጃ የምትቆጥር ሰዓት አለችው። ታዲያ ከወንበሩ ሳይነሣ እንዴት ትቁጠርለት? ረዲን ያውቁታል አይደል፣ ተሸካሚውን፣ ያን የአምስት ልጆች አባት… ለሱ ያስርለታል። ረዲ ጆንያ ተሸክሞ ከአውቶቡስ ተራ እዚህ ሲመላለስ ይውላል፤ ማታ የኛ ስፖርተኛ «ዛሬም ሰውነቴን አልበደልኩም» ብሎ ይለጥፋል። ሰዉ ሁሉ ጎበዝ፣ በርታ ይለዋል። ረዲ ጀርባውን ሲያመው ግን በርታ ያለው አልሰማሁም።

ሰው አክባሪነቱንም ልንገርዎ። አንድ ቀን ለቅሶ ልደርስ ስል «ሱቄን እይልኝ» ብዬው ሄድኩ። እዚህ ሰፈር ይቺን ቃል ለጎረቤት ብሎ መሄድ አደራ ነው፤ በቃ፣ እንደ ታቦት ነው። ስመለስ አንድ ቦንዳ ብርድ ልብስ የለም። ለካ አንዱ ጭኖ ሲወጣ የኛ ልጅ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ እግሩን ሰብስቦ አሳልፎታል። «ዝቅ በል ወንድሜ፣ የመብራቱ ሽቦ እንዳይመታህ» ብሎ መክሮታል አሉ። ለሌባ እንዲህ ያዘነ ለሚስቱማ እንዴት ይሆን? እይልኝ ማለቴ ነው ጥፋቱ። ማየትን ያህል ነገር እንዴት አንድ ሰው ላይ እጭናለሁ?

ደግሞ እናቷን አይተህ ልጅቷን አግባ ይባላል። ለእርስዎ ሲሆን እናቱን አይተህ ልጅህን ዳር ይበሉታ። እኔ እናቱን አይቻለሁ፤ እቴቴ ነው የምንላቸው። ወርቅ ሴት! ከአገራቸው ከጉመር ለሕክምና መጥተው አውቶቡስ ተራ ጓዛቸው ላይ ቁጭ ብለው ቀኑ መሸባቸው። አንዱ የአገራቸው ሰው መጥቶ ቢነግረኝ ሮጬ ያመጣኋቸው እኔ ነኝ። ልጃቸው የት ነበር? እዚሁ ነበር እንጂ! ስለ እሳቸው ሲጽፍ። የእናቶች ቀን ነው ብሎ ፎቶአቸውን ለጥፎ፣ «እናቴ ሆይ፣ ያለ አንቺ ምን ነኝ» ብሎ… ሰዉ በእንባ ሲመልስለት፣ እሱ ለያንዳንዱ ሲያመሰግን። እሳቸው ሲደውሉ ደግሞ እየዘጋባቸው፤ ሥራ ላይ ነዋ! ይዤያቸው ስገባ ዘሎ ተነሥቶ፣ በአንድ እጁ ስልኩን ደቅኖ አቀፋቸው። ከዚያ ምን አለ? «እቴቴ፣ ፎቶው ደብዝዟልና ተመለሺና እንደገና ነይ።» ያን ጓዝ ተሸክመው፣ በሚያማቸው እግር፣ እንደገና መጡ። እኔ እንባዬ መጣ፤ ንዴት ይሁን ኀዘን አላውቅም። እሳቸው ግን ይስቁ ነበር።

ታዲያ እምነት ምኑን አይታ ወደደችው ይሉኛል። ልክ ነው፣ አይታለች! ባለፈው ዓመት ኢንተርኔቱ የጠፋ ሰሞን ትዝ ይልዎታል? መጀመሪያ ሰሞን እንደ በሽተኛ አደረገው። ስልኩን ወደ ሰማይ እያነሣ ሲዞር ፀበል ልውሰደው ብዬ አስቤ ነበር። ኋላ ግን ቀና አለ… ቀና ሲል እንዴት ያለ መልክ መልካም ነው! «እትዬ ሸዋገነት፣ ሱቁን መቼ ቀቡት?» አለኝ። ከቀባሁት ስንት ዘመኑ! ደጁን ጠረገ፣ ቀለደ፣ ለእቴቴ መድኃኒት ገዝቶ ላከ። እምነት አንሶላ ልትገዛ እኔ ዘንድ የመጣችው ያን ሰሞን ነው። ዕቃዋን ተሸክሞ እስከ ታክሲው ሸኛት። የምታወራውን ሁሉ ቆሞ ሲሰማት በዓይኔ አይቻለሁ። እንዲያ ያለውን ወንድ እንኳን እሷ፣ እኔም ብሆን አልመልሰውም ነበር።

ከዚያማ ኢንተርኔቱ ተመለሰ። ተመስገን ነው፣ አገር ሥራ ይሠራበታል…

በቀደም አየኋት አልኩዎት አይደል? ፀጉሯን ተሠርታ፣ ምሳ ቋጥራለት መጣች። ፊቱ ቆመች። ቆመች። ቆየት ብሎ፣ ዓይኑን ሳያነሣ፣ «የምን ቻርጀር ነበር፣ እህት?» አላት። ሳቀች ልጅዎ። ጋሼ ይገረም፣ ሳቋን ግን አልወደድኩትም። የእቴቴን ሳቅ ሳቀችብኝ።

ሻይ ላስመጣልዎ? እኔ ይዳሩ አላልኩ፣ አይዳሩ አላልኩ። ጋብቻ አፈረሰች ተብሎ ስሜ እንዲነሣ አልፈልግም፤ ልጁም ጎረቤቴ ነው፣ ነገም ሱቅ እንከፍታለን። የጠየቁኝን ነው የመለስኩ፤ መልካምነቱን ነው የነገርኩዎ። ሠርጉም ያምራል፣ እሱ ራሱ ያነሣዋል፤ ቪዲዮ አንሺም አያስፈልጋችሁ።

ሊሄዱ ነው? እሺ፣ በደህና ይግቡ። ለእትዬ በለጥሻቸው ሰላም ይበሉልኝ። እግዚአብሔር ፈቃዱ ከሆነ ጎጆአቸውን ያሙቅላቸው፣ ያዝልቅላቸው። ለእምነትም ዓይኗን በዓይኗ ያሳያት። እሱንም ዓይኑን በዓይኑ ያሳየው… የሚወለደው ልጅ ጢም ሳያወጣ። አሜን ይበሉ እንጂ፣ ጋሼ!