ማኅተሙ ያላረፈበት ወረቀት

(ድሮ፣ ለንደን ከተማ፤ ረፋድ። የንጉሡን ታላቅ ማኅተም የሚይዘው ሹም፣ ሎርድ ቻንስለር ኦስዋልድ፣ በቤቱ ከእናቱ ከማጀሪ ጋር ይከራከራል። የማኅተሙ ሰም ምድጃው ላይ ተጥዷል፤ የንጉሡ መልእክተኛ ደጅ ቆሞ ይጠብቃል።)

ማጀሪ፦ አትመውና ይሂድልን አልኩህ! አንዴ ጫን ማድረግ ምን ያቅትሃል?

ኦስዋልድ፦ እጄንስ አላቃተውም፣ እማዬ።

ማጀሪ፦ ካንተ በፊት የነበረው ቻንስለር እንዲህ ሲያንገራግር ነው እስር ቤት የገባው። ከእሱ በፊት የነበረውማ ጭንቅላቱ ተቆርጦ የከተማው ድልድይ ላይ ተሰቅሎ ከረመ። እኔ ገበያ የምሄደው በዚያ ድልድይ ነው!

ኦስዋልድ፦ በጀልባ ተሻገሪያ።

ማጀሪ፦ ይቀልድልኛል እንዴ! የልጄን ጭንቅላት ቀና ብዬ እንዳላይ በጀልባ ልሻገር?

ኦስዋልድ፦ ያለዚህ ማኅተም የንጉሡ ትእዛዝ ባዶ ወረቀት ነው። ማኅተሙ ካረፈበት ግን ሰው ይሞታል።

ማጀሪ፦ ካላረፈበትም ሰው ይሞታል። እሱም አንተ ነህ።

ኦስዋልድ፦ ማንበብ ከጀመርሽ ስንት ጊዜሽ ነው?

ማጀሪ፦ ከገና ወዲህ ነው። ምን አገናኘው?

ኦስዋልድ፦ አንቺው አንብቢው። ጨርሰሽ «አትም» ካልሽኝ አትማለሁ።

ማጀሪ፦ ማልልኝ።

ኦስዋልድ፦ በአባቴ አጥንት።

ማጀሪ፦ አምጣ። ከመስኮቱም ዞር በል፣ ብርሃኑን ጋረድከኝ። «እነዚህ... ሦስት... ሸማኔዎች...» ምን ዓይነት ጽሕፈት ነው ይኼ፣ ዶሮ የጫረው ይመስላል!

ኦስዋልድ፦ በጣትሽ ተከተይው።

ማጀሪ፦ ዝም በል፣ አስተማሪዬ አይደለህም። «...ዳኛ ፊት... ሳይቀርቡ... ይሰቀሉ።» ምን አድርገው?

ኦስዋልድ፦ ዳቦ ተወደደ ብለው አደባባይ ጮኹ።

ማጀሪ፦ ከዚያስ?

ኦስዋልድ፦ ከዚያማ ይኸው ነው። ቀጥዪ፣ ስማቸው ከታች አለ።

ማጀሪ፦ ስማቸው ይቅርብኝ።

ኦስዋልድ፦ ጨርሰሽ ነው ያልኩሽ።

ማጀሪ፦ «ዊልኪን። ሮጀር። አ...ሊ...ሰን...» ሴት ናት? «...የሮጀር እናት።»

ኦስዋልድ፦ ልጇን ሲወስዱት እጁን አልለቅም አለች። አብረው አሰሯት።

ማጀሪ፦ (ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጣለች።)

ኦስዋልድ፦ እማዬ፣ ሰሙ ለስልሷል። ላትም?

ማጀሪ፦ ይህን እያወቅህ ነው ያስነበብከኝ?

ኦስዋልድ፦ ምያለሁ። በል ካልሽኝ አትማለሁ።

ማጀሪ፦ እሷም ያን ጠዋት «ዝም በል ልጄ፣ ይቅርብህ» ብላው ይሆናል። ልክ እንደ እኔ።

ኦስዋልድ፦ ይሆናል። ሰውየው በሩን እያንኳኳ ነው።

ማጀሪ፦ ያንኳኳ! ሰሙን ከእሳቱ አውርድ።

ኦስዋልድ፦ ኋላ ድልድዩ ላይ ብታገኚኝስ?

ማጀሪ፦ በጀልባ አልሻገርም። ቀና ብዬ ነው የማይህ። በል አስገባው፤ ለምን እንደማታትም እኔው አነብለታለሁ። ወንበርም ስጠው፣ ቀስ ብዬ ነው የማነበው።