የሐጂ ነስረዲን ሰጋቱራ

ሐጂ ነስረዲን በወላይታ ሶዶ ጣውላ መሰንጠቅና መሸጥ ከጀመሩ ሠላሳ ዓመት ሆኗቸዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከመጋዘኑ ጀርባ የተከመረውን ሰጋቱራ ሳያቃጥሉ አይውሉም። ጢሱ ሁለት ቀን ይሰነብታል፤ ባለቤታቸው ሁሪያም ሁለቱን ቀን ስትስል ትሰነብታለች። አንድ ቅዳሜ ክብሪቱን ሊጭሩ ሲሉ በመንገዱ የሚያልፍ ወጣት ቆም አለና፣ "ሐጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አያቃጥሉት። ይህንኑ ፍለጋ ነው ከተማውን የምዞረው" አላቸው።

እዮኤል ይባላል፤ ኬሚስትሪ ያስተምራል። ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ከሰጋቱራና ከበቆሎ ቆረቆንዳ የምድጃ ነዳጅ ሊያወጣ ተነስቷል። መሣሪያው ሰኞ ይደርሳል፤ ማስቀመጫ ካልተገኘ ግን ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል። የሐጂ ትንሹ መጋዘን ደግሞ ባዶውን ተቀምጧል። እንዲያከራዩት በትሕትና ለመናቸው።

ሐጂ ሰው ሳይሰሙ እምቢ የሚሉ አይደሉም። አግዳሚው ላይ አስቀምጠው እንጨት እንዴት ነዳጅ እንደሚሆን ጠየቁት። እንጨትም በውስጡ ስኳር አለው አላቸው፤ ብቻ ስኳሩ እርስ በርሱ ተቆላልፏል። ሰጋቱራው በሙቀትና በአሲድ ከለሰለሰ በኋላ ኢንዛይም የሚባለው ነገር ሲገባበት ቁልፉ ይፈታል። ከዚያ በእርሾ ይብላላል፤ ሲነጠር ኢታኖል ይወጣዋል። የማይሟሟው ትራፊም ለማንጠሪያው ማገዶ ይሆናል። የሚበላውን እህል አይነኩም፤ በቤሌ ከተማ በኩል በቆሎ ተፈልፍሎ የሚጣለው ቆረቆንዳ ይበቃቸዋል።

ሐጂ እርሾው ድረስ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙ። "ይነጠራል" ሲባል ግን ቀጥ ብለው ተቀመጡ።

"ኢታኖል ያልከው አልኮል አይደለም?"

"ነው፣ ሐጂ። አልደብቅዎትም።"

"እንግዲያው በዚሁ ይብቃን ልጄ። በዚህ በር አንድ ጠርሙስ አረቄ ገብቶ አያውቅም። ልጆቼ የሚወርሱት መጋዘኑን ብቻ ሳይሆን ስሜንም ነው።"

"የሚጠጣ እኮ አይደለም። መራራ ኬሚካልና ሰማያዊ ቀለም እንጨምርበታለን። የቀመሰው ይተፋዋል፤ የጠጣው ይመረዛል።"

"መርዝ ስለሆነ ሐላል ይሆናል?"

እውነቱን ለመናገር ጥያቄው ኬሚስትሪ የሚመልሰው አልነበረም።

ጨዋታውን ከሱቅ ሆና ትሰማ የነበረችው ሁሪያ እየሳለች ወጣችና አንድ ጠርሙስ አግዳሚው ላይ በመካከላቸው አስቀመጠች። በኮሮና ጊዜ የተረፈ የእጅ ሳኒታይዘር ነው፤ እስካሁን የባንኮኒውን መስታወት ትወለውልበታለች።

"ሐጂ፣ ይህንን መስጊድ በር ላይ ቆመው በሰጋጁ ሁሉ እጅ ላይ ሲያንጠባጥቡ የነበሩት እርስዎ አልነበሩም?" አለቻቸው።

ሐጂ ጠርሙሱን አንስተው ጽሑፉን አነበቡ፤ ሰባ በመቶ አልኮል ይላል። ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን እፍረት ነበረበት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሚስታቸውን ጢስ ሲያጠጡ ኖረው ስለ ንጹሕ ስማቸው መናገራቸው ቆጫቸው።

"ኢማሙን ሳልጠይቅ አላደርገውም" አሉ በመጨረሻ። "ከፈቀዱ ደግሞ፣ መራራው ሳይገባበት አንዲት ጠብታ ከመጋዘኑ አትወጣም። ቁልፉም ሁሪያ ዘንድ ያድራል።"

ኢማሙ ለመጠጥ እስካልዋለ ድረስ ችግር አላዩበትም። መሣሪያው ሰኞ ገባ።

ሥራው አልጋ በአልጋ አልሆነም፤ ኢንዛይሙ ከውጭ እስኪመጣ እየተጠበቀ ማንጠሪያው ቆሞ የሚውልባቸው ሳምንታት አሉ። ቢሆንም ቅዳሜ ቅዳሜ ጢስ የለም። ሁሪያ ከሰል ትታ በሰማያዊው ነዳጅ ታበስላለች፤ ሳሏም ቀንሷል። ለከሰል ይቆረጥ የነበረው ዛፍ በዚያው ልክ ይተርፋል፤ ገበሬውም ይጥለው የነበረውን ቆረቆንዳ በጆንያ ሞልቶ ያመጣል።

በቅርቡ ጎረቤታቸው አቶ ቢያድግልኝ፣ ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ሱቁ በር ላይ ቆም ብለው፣ "ሐጂ፣ በስተርጅና አረቄ ማውጣት ጀመሩ ይባላል፤ እውነት ነው?" ሲሉ ተረቧቸው።

ሐጂ ክርክር ውስጥ አልገቡም። ከባንኮኒው ሥር ያንን የኮሮና ጊዜ ጠርሙስ አወጡና ክዳኑን ከፈቱ።

"እጅዎን ይዘርጉ" አሏቸው።